የተተከለ ሁሉ አይጸድቅም

የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ያለው ዝምድና እንደ ልጅና እንደ እናት ነው ሲባል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። አነጋገሩ መልካም ነው፤ ሆኖም አንድ የሚያዘናጋ ነገር አለበት። እናት ልጅዋ ባያመሰግናትም ታጐርሰዋለች፤ ቢያስቀይማትም ትታገሠዋለች። መሬት ግን እንዲህ አይደለችም። የወሰዱባትን ካልመለሱላት ትነጥፋለች፤ የማረፊያ ጊዜ ካልሰጧትም ፍሬ ትነሣለች። ስለዚህ እኔ የሰውንና የተፈጥሮን ዝምድና በእናትና በልጅ ፍቅር ከመመሰል ይልቅ፥ በመልካም ጎረቤታሞች ኑሮ ብመስለው እመርጣለሁ። ጎረቤታሞች ይዋደዳሉ፤ ነገር ግን በፍቅር ብቻ አይኖሩም። ድንበር አላቸው፤ ተራ አላቸው፤ ያጠፋ የሚጠየቅበት ደንብ አላቸው። ፍቅራቸውም ሳይበላሽ የሚቆየው በዚሁ ደንብ ነው።

ክቡራን መምህራን፥ ውድ ወላጆች፥ የትምህርት ጓደኞቼ ሆይ! ይህን ነገር ያነሣሁት ለፍልስፍና ብዬ አይደለም። በየዓመቱ በትምህርት ቤታችን ግቢ ስለሚተከሉት ችግኞች አንድ አሳብ ለማቅረብ ነው። አሳቤም በአጭሩ ይህ ነው፦ ሰው ተፈጥሮን የሚጠብቃት ስለ ወደዳት ብቻ አይደለም፤ ከእርስዋ ጋር የሚኖርበትን ደንብ ሲያወጣ፥ ጠባቂ ሲሾም፥ ጥቅሙንም በተራ ሲካፈል ነው። ደንብና ጠባቂ የሌለው ፍቅር የአንገት በላይ ፍቅር ነው።

ቋንቋችን ስለዚህ ጉዳይ አንድ የሚያስደንቅ ቃል አለው። ችግኝ ተተክሎ ሥር ሲይዝና በጋውን ሲሻገር «ጸደቀ» እንላለን። ለደግ ሰው የምንሰጠውን ቃል ለችግኝ መስጠታችን እንዲያው በከንቱ አይመስለኝም። ጽድቅ በአንድ ቀን አይገኝም፤ በፈተና ጸንቶ በመቆየት እንጂ። ችግኝም እንዲሁ ነው። መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ መጽደቅ ግን ፀሐዩን፥ ምስጡን፥ ፍየሉንና የሰውን ቸልተኝነት አልፎ የሚገኝ ነው። አባቶቻችን ለሁለቱ ነገሮች ሁለት ቃል አዘጋጁ፤ እኛ ግን አንዱን ብቻ መያዝ ለምደናል።

በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ ሲካሄድ ቆይቷል። በተለይም ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በ12 ሰዓት ውስጥ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ፥ ወሬው በብዙ አገር ተሰምቷል። በዚያን ቀን ሽማግሌው፥ ሕፃኑ፥ ነጋዴው፥ ወታደሩ ሁሉ ዶማ ይዞ ወጥቶ ነበር። እኔ ይህን የማቃልል አይደለሁም። ሕዝብ ለአንድ በጎ ሥራ ባንድ ቀን መነሣቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የተተከለው ቍጥር በነጋሪት ሲነገር፥ የጸደቀው ቍጥር በዚያው ድምፅ ሲነገር አንሰማም። የጸደቀውን ሳይቈጥሩ በተተከለው ብቻ መደሰት «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተትዋንም አላይ» እንደሚባለው ይሆናል።

ወደ ራሳችን ግቢ እንመለስ። ከመማሪያ ክፍሎቻችን በስተጀርባ ያለውን ቦታ ሁላችንም እናውቀዋለን። በየክረምቱ እዚያ ችግኝ ይተከላል፤ ንግግር ይደረጋል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ሁሉም ለምልሞ ይታያል። ከኅዳር በኋላ መሬቱ ይሰነጠቃል። በጥርና በየካቲት በአጥሩ ቀዳዳ ከብት ይገባል። ዘንድሮ በሚያዝያ ወር በዚያ ቦታ እየተዘዋወርሁ ስመለከት፥ ቅጠል የያዙትን በጣቶቼ ለመቍጠር በቃሁ። አንዳንዶቹ ሥራቸው እንደ ተጠቀለለ ከነላስቲካቸው ተቀብረዋል። ከሁሉ የበለጠ ያሳዘነኝ ግን ይህ ነው፤ በአንዱ ጕድጓድ ሁለት ሦስት ጊዜ ተተክሎበታል። የደረቀው ተነቅሎ ሌላ ይገባል፤ እርሱም ይደርቃል። እንግዲህ እኛ ዛፍ እያበዛን ነው ወይስ ጕድጓድ እያበዛን?

ይህን ስል ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ዘበኛችን በር ይጠብቃሉ፤ መምህራን ያስተምራሉ፤ ተማሪው ይማራል። ችግኙን ውኃ እንዲያጠጣ በስሙ የተመደበ ግን የለም። የሁሉም የሆነ ነገር ጠባቂ ካልተመደበለት የማንም አይደለም። ይህንንም የሚያስረዳ ጥሩ ምሳሌ በአገራችን አለ።

የእናቴ እናት የመንዝ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው የኖሩበት ቤት የተከደነው በጓሳ ሣር እንደ ነበረ ሲያጫውቱን ሰምቻለሁ። ጓሳ የሣሩም ስም ነው፤ ሣሩ የሚበቅልበትም ተራራማ አገር ስም ነው። ሥፍራው በሰሜን ሸዋ፥ ከመሐል ሜዳ ከተማ አጠገብ የሚገኝ፥ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ብርዳም ደጋ ነው። ሣሩ ለቤት ክዳን፥ ለገመድ፥ ከዝናብ ለሚከልለው ጌሣ፥ በችግር ጊዜም ለከብት መኖ ይሆናል። ቍጥቋጦው ለማገዶ ይሆናል። ከደጋው የሚመነጩት ምንጮች በታች ላለው አገር ውኃ ናቸው። እንዲህ ያለ ጠቃሚ ሀብት በድኻ ገበሬዎች መካከል ሳይጠፋ ለብዙ መቶ ዓመታት መቆየቱ እንዴት ነው?

መልሱ ደንብ ነው። እንደሚነገረው አስቦና ጌራ የተባሉት አቅኚ አባቶች ከሚወለዱት ወገን፥ በአስቦ በኩል ያሉት አንድ፥ በጌራ በኩል ያሉትም አንድ አለቃ ይመርጡ ነበር። አለቃውም አባ ቄራ ይባል ነበር። ጓሳው ይዘጋል በተባለ ጊዜ ማንም ሰው ማጭድ ይዞ እንዳይገባ፥ ከብትም እንዳያሰማራ ይከለከላል። ሣሩ በደንብ እስኪያድግ ድረስ እስከ ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ተዘግቶ ይቆያል። ሲበቃ ደግሞ አባ ቄራው ቀን ቈርጦ ያስነግራል፤ ያን ጊዜ ባለመብቱ ሁሉ ገብቶ ያጭዳል። ደንቡን የጣሰ ብርቱ ቅጣት ነበረበት። ልብ በሉ፤ ጓሳን ያቆየው «አትንኩት» የሚል ክልከላ ብቻ አይደለም። «ዛሬ አትንኩት፤ በቀኑ ሁላችሁም ታጭዳላችሁ» የሚል ተስፋ ያለበት ክልከላ ነው። ሰው ነገ እንደሚያገኝ ካመነ ዛሬ ይታገሣል።

ከዚህም ሌላ የሚያስገርም ነገር አለ። በጓሳ ሣር ውስጥ ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ደጋ እንጂ በሌላ በየትም አገር የማይገኝ እንስሳ ነው፤ በዓለም ላይ የቀሩትም ዐዋቂ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም። ጭላዳ ዝንጀሮም እዚያው ይሰማራል፤ እርሱም የእኛ ብቻ ነው። የመንዝ ገበሬ ጓሳን ሲዘጋ ስለ ቀበሮው አላሰበም፤ ያሰበው ስለ ቤቱ ክዳን ነው። ሣሩ ሲጠበቅ ግን በሣሩ ውስጥ የሚኖሩት አይጦች ተጠበቁ፤ አይጦችን የሚበላው ቀበሮም ተጠበቀ። ሰው ለገዛ ኑሮው ብሎ ያወጣው መልካም ደንብ ለማያውቃቸው ፍጥረቶች ሁሉ መጠለያ ሆነ።

ይሁን እንጂ እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባል። ያ የጥንቱ ሥርዐት ጕድለት አልነበረውም አይባልም። መብቱ የአቅኚዎቹ ዘር ለሆኑት ብቻ ስለ ነበረ፥ ሌላው ሰው አጥር ላይ ቆሞ የሚያይ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን በዐዋጅ በታወጀ ጊዜ የአቅኚዎቹ መብት ቀረ። ነገር ግን ከመብቱ ጋር ጥበቃውም ስለ ላላ፥ ጓሳን ሁሉም እንደ ልቡ የሚያጭድበት ጊዜ መጣ። ሕዝቡም ጉዳቱን ስላየ፥ በየገበሬ ማኅበሩ ተወካይ መርጦ የጓሳ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ደንቡንም ለአሁኑ ዘመን እንዲስማማ አድርጎ አደሰው። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ከዚህ የምማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ ያለ ደንብ ሀብት አይጠበቅም፤ ሁለተኛው፥ ደንብ የጥቂቶች ብቻ ከሆነ የሚያፈርሰው ቀን ይመጣል። ደንቡ ሁሉን የሚያካፍል ሊሆን ይገባዋል።

ደንብ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ለማየት ደግሞ ወደ ምሥራቅ፥ ወደ ሐረርጌ እንሻገር። በሐረርና በድሬዳዋ መካከል ያለው የሐረማያ ሐይቅ ለብዙ ዓመታት ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ይቀዳበት ነበር። በዙሪያው ያለው ገበሬ በፓምፕ ውኃ እየሳበ ጫትና አትክልት ያጠጣ ነበር። ከተራቈተው ኰረብታ የሚታጠበው አፈርም በየክረምቱ ወደ ሐይቁ ይገባ ነበር። እያንዳንዱ ሰው የወሰደው ለራሱ ጥቂት መስሎ ይታየዋል፤ ያንዱ ጥቂትና የሌላው ጥቂት ሲደመር ግን ሐይቅ ይጨርሳል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሐይቁ ደረቀ፤ ጀልባ ይቀዘፍበት በነበረው ቦታ ከብት ተሰማራበት። ለሐረርም ውኃ ከሩቅ ቦታ በቧንቧ ማምጣት ግድ ሆነ። ደግነቱ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ውኃው ዳግመኛ ታይቷል። ይህም መሬት ይቅርታ ማድረግ እንደምትችል ያመለክታል፤ ነገር ግን ሁለተኛ ዕድል የተሰጠው ሰው እንደ ፊተኛው ከኖረ ሦስተኛውን የሚጠብቅበት ምክንያት የለውም።

የሐረማያ ገበሬ ከመንዝ ገበሬ የባሰ ክፉ ሰው ነበር ወይ? በፍጹም አይደለም። ሁለቱም ልጆቻቸውን ለማሳደግ የሚደክሙ ናቸው። ልዩነቱ በልባቸው አይደለም፤ ለአንደኛው የጋራ ቀን የሚቈርጥ አባ ቄራ ነበረው፥ ለሁለተኛው ግን አልነበረውም። ስለዚህ ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ስንናገር ሰውን ክፉ ነው ብሎ መስደቡ ብዙ አይጠቅምም። የሚጠቅመው ደግ ሰው ደግነቱን በሥራ የሚገልጽበትን ደንብ ማቆም ነው።

ስለ ዛፍም ከተነሣ፥ በደቡብ ጎንደር ያሉትን የቤተ ክርስቲያን ደኖች መጥቀስ ይገባል። ከሰማይ ሲታዩ በታረሰ መሬት መካከል እንደ ወደቁ አረንጓዴ ነጥቦች ናቸው። በዙሪያቸው የነበረው ጫካ ሁሉ እርሻና ግጦሽ ሲሆን፥ እነርሱ የቀሩት የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ስለ ሆኑ ነው። ነገር ግን ትልልቆቹ ዛፎች ተከብረው ሳሉ በሥራቸው የሚበቅሉት ቡቃያዎች በከብት እየተጋጡና እየተረገጡ ሲጠፉ፥ ደኑ ያለ ወራሽ ማርጀት ጀመረ። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉት የደን ሊቅ ይህን በምርምር ካሳዩ በኋላ፥ ማርጋሬት ሎውማን ከተባሉት አሜሪካዊት የሥነ ፍጥረት ተመራማሪ፥ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር በመተባበር በብዙ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አደረጉ። ድንጋዩም የመጣው ከገበሬው ማሳ ነው። ስለዚህ ማሳው ከድንጋይ ጸዳ፤ ደኑም አጥር አገኘ። ከካቡ ውስጥም ማንም ሳይተክላቸው ቡቃያዎች ብቅ ማለት ጀመሩ። በዚያ ቦታ ያስፈለገው ሌላ ችግኝ አልነበረም፤ ያስፈለገው ከብት የሚመልስ አጥር ነበር።

ከጎረቤታችን ከኬንያም አንድ ትምህርት እንውሰድ። ወንጋሪ ማታይ የተባሉት ሴት በ1969 ዓ.ም. የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን አቋቁመው፥ የገጠር ሴቶች ዛፍ እንዲያበዙ አደረጉ። በ1997 ዓ.ም. የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲሰጣቸው፥ ማኅበራቸው ከ30 ሚሊዮን በላይ ዛፍ ተክሎ ነበር። እኔን የማረከኝ ግን ሽልማቱ አይደለም፤ የአከፋፈላቸው ዘዴ ነው። ለሴቶቹ ጥቂት ገንዘብ ይሰጣቸው የነበረው ችግኙ በተተከለ ቀን ሳይሆን ቆይቶ መጽደቁ ከታየ በኋላ ነው። እንግዲህ ተመልከቱ! ክፍያው ከመትከያው ቀን ወደ መጽደቂያው ቀን በመዛወሩ ብቻ፥ የሴቲቱ ዐይን ከጕድጓዱ ወደ ዛፉ ተመለሰ።

ይህን አሳብ ለጓደኞቼ ባዋየሁ ጊዜ ልዩ ልዩ ተቃውሞ ገጥሞኛል። ስማቸውን ሳልጠራ ለሦስቱ መልስ ልስጥ።

አንደኛው «አገራችን ድኻ ናት፤ በመጀመሪያ ሰው ይብላ፥ ስለ ዛፍ በኋላ ይታሰባል» አለኝ። ይህ ለሰው የሚያዝን ቃል ይመስላል። ነገር ግን ዛፍና ሣር ሲጠፋ ከሁሉ በፊት የሚጐዳው ማን ነው? ሀብታሙ ውኃ በቦቴ ያስመጣል፤ ማገዶውንም በኤሌክትሪክ ይተካል። ድኻዪቱ ግን ሩቅ ሄዳ ትቀዳለች፤ ሩቅ ሄዳ ትለቅማለች፤ ልጅዋም ከትምህርት ቤት ቀርታ ትረዳታለች። ዝናብ በተራቈተ መሬት ላይ ሲወርድ አፈሩን ይዞት ይሄዳል፤ ሣርና ዛፍ ባለበት ግን ወደ ውስጥ ሰርጎ ምንጭ ይሆናል። ስለዚህ የምንጩ ነገር የእንጀራው ነገር ነው። የመንዝ ሰው ጓሳን የጠበቀው ጠግቦ ሲቀናጣ አይደለም፤ ድኻ ስለ ሆነ ነው።

ሁለተኛው «ታዲያ ባሕር ዛፍ ብንተክል አይሻልም ወይ? እርሱ ጠባቂ አይፈልግም» አለኝ። ባሕር ዛፍን እንደ ብዙ ሰዎች አልሰድበውም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ፥ አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ተጨንቃ በነበረችበት ጊዜ የደረሰላት ባለውለታ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ቢቈርጡት ከጕቶው ያቈጠቍጣል፤ ቅጠሉንም ከብት አይበላውም። ነገር ግን ጠባቂ የለውም መባሉ ስሕተት ነው። ባሕር ዛፍ በየጓሮው የበዛው ባለቤት ስላለው ነው፤ ባለቤቱ እያንዳንዱን ግንድ ቈጥሮ ያውቀዋል፥ ልጁን የሚድርበትን ቀን እያሰበ ያሳድገዋል። ለእኛ ግቢ ግን የሚስማማ አይደለም። ውኃ ይሻማል፤ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም። እኛ የምንሻው ጥላና ሣር ነው። ለዚህም ወይራው፥ ዋንዛው፥ ብሳናውና ዝግባው የአገራችን ዛፎች ናቸው።

ሦስተኛዋ «እኛ ተማሪዎች ነን፤ ፈተና አለብን፤ ጊዜ ከየት እናምጣ?» አለችኝ። ይህ እውነተኛ ጥያቄ ስለ ሆነ በቍጥር ልመልስ። አንድ ክፍል 20 ችግኝ ብቻ ቢይዝና በክፍሉ ውስጥ 50 ተማሪዎች ቢኖሩ፥ ለሁለት ችግኝ አምስት ተማሪ ይደርሳል። ችግኞቹ በሳምንት ሁለት ጊዜ ውኃ ቢጠጡ፥ አንድ ተማሪ ከሁለት ሳምንት ተኩል በኋላ ነው ተራው የሚደርሰው። ይህም ደወል ከመደወሉ በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው። ውኃውም ቢሆን ሌላ ቦታ መሄድ አያስፈልገውም። ከመጠጫው ቧንቧ ሥር በየቀኑ የሚፈሰውና ከእጅ መታጠቢያው የሚወጣው ውኃ በበርሜል ቢጠራቀም ይበቃናል።

እንግዲህ የማቀርበው አሳብ አራት ነጥብ አለው።

በመጀመሪያ፥ ጥቂት እንትከል። ልንጠብቀው ከምንችለው በላይ አንድም ችግኝ አንትከል። ስንተክልም ላስቲኩን እንግፈፍ፤ ሥሩን እንዘርጋ፤ ዙሪያውን በደረቅ ሣር እንሸፍን፤ ከብት እንዳይደርስበትም በእሾህ እንጠረው።

ሁለተኛ፥ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ዛፍ ይኑረው። በዘጠነኛ ክፍል የገባ ተማሪ የተረከበውን ዛፍ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ይዞት ይውጣ። በአራት ዓመት ውስጥ ችግኝ ከጕልበት ወደ ወገብ፥ ከወገብ ወደ ራስ ይደርሳል። በሚመረቅበትም ቀን የዛፉን መዝገብ ለአዲሱ የዘጠነኛ ክፍል በሰልፍ ላይ ያስረክብ። ሐምሌና ነሐሴ እኛ ባንኖርም ዝናቡ አለ። ችግኝን የሚገድለው በጋው ነው፤ በጋውም እኛ በትምህርት ገበታ ላይ ያለንበት ወራት ነው። ጊዜው ለእኛ እንደ ተሰጠ ያህል የተስማማ ነው።

ሦስተኛ፥ ሣሩ በተራ ይታጨድ። አጥሩ ከተዘጋ በኋላ በግቢው ውስጥ ብዙ ሣር ይበቅላል። ወላጆቻችን ከብት ያላቸው እንዳሉ እናውቃለን፤ መኖም ተወዷል። ስለዚህ ከብት ከመግባት ይከልከል፤ ነገር ግን በጥቅምት ቀን ተቈርጦ ሣሩ በማጭድ ይታጨድና ለሚፈልጉት ወላጆች በእኩል ይታደል። እነርሱም በምላሹ አጥሩን ያድሱልን። እንዲህ ከሆነ አጥሩን የሚጥስ ሰው የትምህርት ቤቱን ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱን ሣር እንደ ነካ ይቈጠርበታል። ይህ ከመንዝ የተማርሁት ነው።

አራተኛ፥ በዓሉን ከሐምሌ ወደ ሚያዝያ እናዛውረው። በክረምት በጸጥታ እንትከል። ንግግሩ፥ መዝሙሩና ፎቶግራፉ ግን በጋው ካለፈ በኋላ በመቍጠሪያ ቀን ይሁን። በዚያን ቀን መምህራንና ወላጆች ባሉበት እያንዳንዱ ክፍል ዛፎቹን ቈጥሮ ያሳይ። የሚጨበጨበውም ብዙ ለተከለ ሳይሆን ብዙ ላጸደቀ ይሁን።

ምናልባት «የአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ለአገር ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖር ይሆናል። አገርን የሚያለብሱት እንደ እኛ ያሉ ግቢዎች ናቸው። ከእኛ መካከል ነገ ገበሬ፥ መሐንዲስ፥ ሐኪም፥ የወረዳ ሹም የሚሆን አለ። አራት ዓመት አንድ ዛፍ ያሳደገ ሰው ሹም በሆነ ጊዜ «ስንት ተተከለ?» ብሎ ብቻ አይረካም፤ «ስንቱ ጸደቀ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ አንድ ጥያቄ በየመሥሪያ ቤቱ ቢጠየቅ አገራችን ሌላ መልክ ትይዝ ነበር። ቀስ በቀስ ዕንቁላልም በእግሩ ይሄዳል።

ለክቡራን መምህራኖቻችን የማቀርበው ልመና፥ የእያንዳንዱን ክፍል የዛፍ መዝገብ ከስም መቈጣጠሪያው ጋር አብራችሁ እንድትይዙልን ነው። ወላጆቻችንን የምለምነው አጥሩን ነው። ለናንተ ለጓደኞቼ ደግሞ የምለው፥ ተፈጥሮን እንወዳለን እያልን ግጥም መጻፋችን ደስ ያሰኛል፤ ግጥሙን የጻፈ እጅ ግን ጀሪካኑንም ይያዝ።

እኔ አሁን የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ በዚህ ግቢ የቀረኝ አንድ ዓመት ብቻ ነው። የሚመጣው ዓመት መጽሔታችን ሲታተም፥ አዘጋጆቹ የተከላውን ቀን ፎቶግራፍ ቢተዉት ቅር አይለኝም። በዚያ ቦታ ላይ አንድ ቍጥር ብቻ ይጻፍልን፤ እርሱም ክረምቱን ተተክለው በጋውን የተሻገሩት ችግኞች ቍጥር ነው። ቍጥሩ ትንሽ ቢሆን እንኳ እውነተኛ ይሁን። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ያንን ቍጥር የሚያበልጥ ክፍል ይነሣ።